እጅ በኪስና የአማቱ ጉንጉን

በሰፈራችን አንድ የልጆች መጽሐፍ ሠዓሊ አለ። ወላጆቹ ያወጡለትን ስም የሚያውቁት እናቱና የባንክ ሠራተኞች ብቻ ናቸው፤ ሌላው ሰው "እጅ በኪስ" ይለዋል። ስሙን ያወጡለት ሕፃናት ናቸው፤ ሕፃናት ደግሞ ያዩትን ነው የሚናገሩት። በዚህ ሰው መጽሐፎች ውስጥ ያለ ፍጡር ሁሉ እጁን ኪሱ ከትቶ ነው የሚኖረው። አባትየው እጁን ኪሱ ከትቶ ከሥራ ይገባል። አጎትየው እጁን ኪሱ ከትቶ ዓሣ ያጠምዳል፤ ዘንጉን የሚይዝለት ድንጋይ ነው። ሐኪሙ እንኳ እጁን ከነጭ ካፖርቱ ኪስ ሳያወጣ የታመመውን ልጅ ትክ ብሎ በማየት ብቻ ያድነዋል።

ኪስ የሌለው ልብስ ሲገጥመው ሌላ መላ አያጣም። እናትየውን እስከ ክንዷ ድረስ ሊጥ ውስጥ ይነክራታል። ፖስተኛውን ከአገጩ እስከ ጉልበቱ የሚደርስ ካርቶን ያሳቅፈዋል። እህትየው ድመት ታቅፋለች፤ ድመቷም የልጅቷን ሁለት እጅ የሚሸፍን ሰውነት እንዲኖራት ሲባል የወፈረች ናት። በአንድ መጽሐፍ ላይ ሙሽራውን እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ቢሥለው፣ አንዲት እናት አሳታሚው ቢሮ ደውላ፣

"ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ልጄ 'ሙሽራው ምን አጥፍቶ ነው የታሰረው?' እያለች አላስተኛ አለችኝ። ምን ልበላት?" አለች።

አሳታሚው ትንሽ አሰበና፣ "እውነቱን ይንገሯት" ብሎ ስልኩን ዘጋ።

ሰውየው መሣል አይችልም ማለቴ ግን አይደለም፤ ጠላቱም እንዲህ አይልም። ወፍ ሲሥል ወፍ ነው። ግንደ ቆርቁር የሣለበትን ገጽ የጎረቤት ድመት በጥፍሯ ሸርክታዋለች፤ እሱም ያንን ገጽ እንደ ዲፕሎማ መስታወት አግብቶ ግድግዳው ላይ ሰቅሎታል። ዛፉ ዛፍ ነው፤ ቅጠሉን አይተህ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ታውቃለህ። ፊት ላይም አይታማም። ችግሩ እጅ ላይ ነው። እጅ ሲሥል መጀመሪያ ሙዝ ይሆንበታል፤ ሙዙን ሲያስተካክለው ሹካ ይሆናል፤ ሹካውን ሲያለሰልሰው ደግሞ ስሙን የማላውቀው፣ ባህር ውስጥ የሚኖር ነገር ይሆናል። ከዚያ ላጲሱን ያነሣል፤ ቀጥሎ ኪስ ይሥላል።

ትምህርት ቤት ገብቶ የተማረው ነገር አይደለም። በወጣትነቱ የሱቅ ሰሌዳ ይሥል ነበር። ለሥጋ ቤት በሬ፣ ለዕንቁላል ሻጭ ዶሮ፣ ለጎሚስታ ጎማ እያለ ተመስግኖ ኖረ። አንድ ፀጉር አስተካካይ "እኔ ደንበኛ ስቆርጥ ሣለኝ" ቢለው ደንበኛውን ሣለ፣ ወንበሩን ሣለ፣ መቀሱን ሣለ። መቀሱ ብቻውን አየር ላይ ተንሳፍፎ ይቆርጣል። ፀጉር አስተካካዩ ተናዶ ሊያስፍቀው ሲል፣ "ያ አዲሱ ማሽን የቱ ጋ ነው?" የሚሉ ደንበኞች ስለበዙበት ዝም አለ። ሰሌዳው እስከ ዛሬ አለ፤ ሂዱና እዩት።

አሳታሚው ያገኘው ያን ጊዜ ነው። አሳታሚው ከጎሚስታው በላይ ሁለት ክፍል ተከራይቶ የልጆች መጽሐፍ ያወጣል። ታች ጎማ መንፊያው ሲነሣ ላይ ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል፤ በዚህ ምክንያት በመጽሐፎቹ ውስጥ ያለው ወንዝ ሁሉ ማዕበል አለበት። ወፎቹን አይቶ ወደደና ቀጠረው። እጁን ያየው ከቀጠረው በኋላ ነው፤ እሱንም ያየው ባለመኖሩ ነው።

የመጽሐፎቹን ታሪክ የሚጽፉት ደግሞ የሠዓሊው አማት ናቸው። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ስለ ቤተሰብ፣ ስለ እንስሳ፣ ስለ ዛፍና ስለ ዝናብ አጫጭር ታሪክ ይጽፋሉ። ጋዜጣ የሚያነቡት ቀይ እስክሪብቶ ይዘው ነው። ልጃቸውን ለሰሌዳ ሠዓሊ ሲድሩ ሦስት ቀን ሰው አላናገሩም ይባላል፤ የሚያውቋቸው ግን ያኔ ጉንፋን ይዟቸው ነበር ይላሉ። ሁለቱ፣ አማትና አማች ሊፈራሩ የሚገባቸውን ያህል ይፈራራሉ፤ ከዚያ አልፎ ግን ክፉ ደግ ተነጋግረው አያውቁም። እሳቸው ጽፈው ለአሳታሚው ይሰጣሉ፣ እሱ ሥሎ ለአሳታሚው ይሰጣል። ምሳ ላይ ሲገናኙ ስለ አየር ጠባይ ያወራሉ።

እንግዲህ አንድ ቀን አማቲቱ አዲስ ታሪክ ይዘው የአሳታሚውን ደረጃ ወጡ። ሠዓሊውም እዚያው ነበር። መነጽራቸውን አድርገው፣ ወረቀቱን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው፣ ክፍል ውስጥ እንዳሉ ሁሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት። "በእናቴ ጉልበቶች መካከል" ይላል ርእሱ። አንዲት ትንሽ ልጅ በእናቷ ጉልበቶች መካከል መሬት ላይ ቁጭ ብላ ፀጉሯን ትጎነጎናለች። ታሪኩ ይኸው ነው። የእናቷ እናት እናቷን እንዲሁ ጎንጉናለች፤ ልጅቷም ስታድግ ልጇን ትጎነጉናለች። "የእናቴ ቀኝ እጅ ፀጉሬን ሦስት ቦታ ከፈለው። ግራ እጇ ያዘው። ጣቶቿ ተሻገሩ፣ ተመለሱ" ይላል አንደኛው ገጽ። ቀጣዩም እጅ ነው። የሚቀጥለውም።

ንባቡ ሲያልቅ ታች ጎሚስታው አንድ ጎማ ፈነዳበት። ሠዓሊው ግን አልደነገጠም፤ የሚደነግጠውን ያህል ደንግጦ ጨርሶ ነበር።

"ግሩም ነው እትዬ" አለ አሳታሚው፤ እሱም ወደ ሠዓሊው ላለማየት እየታገለ። "እ... ብርድ የለበትም እንዴ ታሪኩ?"

"የለበትም። ፀሐይ ላይ ነው የተቀመጡት።"

"ጥላ ሥር ቢሆንስ?"

"ፀሐይ ላይ ነው ያልኩት።" ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ሄዱ።

ሠዓሊው ወረቀቱን ይዞ ቤቱ ገባ። በሳምንቱ የመጀመሪያ ረቂቆቹን አመጣ። አሳታሚው አንድ በአንድ እያነሣ አየ።

"ይሄ ምንድን ነው? ጓንት?"

"የጠዋት ፀሐይ ነው። የጠዋት ፀሐይ አትሞቅም።"

"በሱፍ ጓንት ፀጉር ትጎነጉናለች?"

"ልምድ ያላት ሴት ናት።"

አሳታሚው ቀጣዩን አነሣ። "ይሄስ? እዚህ ልጅቷ ጭንቅላት ላይ ያለው ነጭ ነገር?"

"ዶሮ።"

"ዶሮ መሆኑንማ አየሁ። አንተ ወፍ ስትሥል መች አጣነው። ምን ልትሠራ ወጣች?"

"ቤተሰብና ተፈጥሮ አንድ ላይ ይሁኑ ብዬ ነው።"

"እጁስ የታለ?"

"ከዶሮዋ ሥር።"

አሳታሚው ዶሮዋን ለረጅም ጊዜ አያት። ቆንጆ ዶሮ ናት፤ ኋላ ለቀን መቁጠሪያ ተጠቅሞባታል። ከዚያ ረቂቆቹን ሰብስቦ መለሰለት። "ስማኝ ወንድሜ፤ አንተን ማስቀየም አልፈልግም። በኮምፒውተር የምትሥል አንዲት ልጅ አለች። እጅ ስትሥል ጨብጠው ጨብጠው ይልሃል። ይሄን አንዱን ብቻ ለእሷ ብንሰጣት፣ አንተ ደግሞ የዳክዬውን መጽሐፍ..."

"ስጣት" አለ ሠዓሊው። አፉ ነው እንጂ ልቡ አልሰጠም፤ ግን የተገላገለም ይመስላል።

አሳታሚው የዚያኑ ዕለት ለአማቲቱ ደወለ። የተባለውን ሁሉ ሰፈሩ የሰማው እሳቸው ስልክ ላይ ሲያወሩ ሌላኛው ሰው ሩቅ ያለ ስለሚመስላቸው ነው።

"ሌላ ሰው ከሣለው አይታተም!"

"እትዬ፣ ልጅቷ እኮ ጎበዝ ናት።"

"ጎበዝ ትሁና! እናቴን የማያውቅ ሰው እናቴን አይሥልብኝም።"

"አማችዎስ መች ያውቃቸዋል? ሳይወለድ አይደል የሞቱት?"

"እሱ ቢያንስ እኔን ይፈራኛል" ብለው ዘጉት።

ነገሩ እዚህ ላይ ቆመ። አሳታሚው ትምህርት ቤት ሳይከፈት መጽሐፉ ማተሚያ ቤት መግባት አለበት፤ ካልገባ ተራው ለሌላ ይሰጣል አለ። ሠዓሊው ዳክዬ መሣል ጀመረ። ዳክዬዎቹም አኩርፈው ተቀምጠዋል።

ይህን ፍጥጫ የሰበረችው ሚስቱ ናት። መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ ሰው የታመመውን ሳይነግራት የምታውቅ ሴት ናት። አንድ እሑድ ከሰዓት የታጠበ ልብስ እያጣጠፈች፣ እንደ ዘበት፣

"የእማዬ ታሪኮች ለምን ሁልጊዜ በክረምት እንደሚሆኑ አስበህ ታውቃለህ?" አለችው።

"ክረምት ይወዳሉ።"

"እማዬ? ክረምት ጉልበቷን ይገድላታል እኮ! ክረምት ሲገባ ሰማዩን የምትራገም ሴት ክረምት ትወዳለች?"

ከክምሩ አንድ ካልሲ አነሣ።

"ስለ ዓሣዎቹ የጻፈችውስ? ስለ እባቧስ? የልጆች መጽሐፍ ላይ እባብ ማን ይጽፋል? እባብ እጅ ስለሌለው ነው። ስለ በረዶ ሰው የጻፈችው ጊዜ እኮ 'ይሄ ልጅ በዚህኛው አይቸገርም' ስትል በጆሮዬ ሰምቻታለሁ። ስንት ዓመት ሙሉ አንተን በካፖርት ስትሸፋፍን ኖረች።"

ሠዓሊው እጁ ላይ ያለውን ካልሲ አየው። እስከዚያች ቀን ድረስ ዕድለኛ ሰው ነኝ ብሎ ነበር የሚያስበው።

"ታዲያ አሁን ምን በደልኳቸው?"

"ምንም። ዓይኗ እየደከመ ነው። ሐኪሙ መነጽሩን ለሦስተኛ ጊዜ ለወጠላት፣ ከዚህ በኋላ የሚለውጠው እንደሌለም ነግሯታል። ለሌላ ሰው አልተናገረችም። ዓይኔ እያለ ይሄን አንዱን ልየው ነው የምትለው፤ ሌላ ምንም አይደለም።" የተጣጠፈውን ልብስ ተሸክማ ተነሣች። "አንተ ደግሞ ዶሮ አወጣህባት።"

ከዚያ በኋላ ሠዓሊው ምግብ አይበላም ተባለ። ውሸት ነው፤ በልቷል። ግን ሲበላ የሰው እጅ እያየ ስለሆነ ገበታ ላይ ሰው ሁሉ እየተሳቀቀ ቁራሹን ጣለ። አውቶቡስ ላይ የሴቶች እጅ እያየ አንዷ ቦርሳዋን ወደ ደረቷ ሳበች።

በመጨረሻም አንድ ሐሳብ መጣለት። እውነቱን ለመናገር ብልጥ ሐሳብ ነው። ፀጉሯን የምትጎነጎን ልጅ እኮ ፊቷ ወደ ፊት ነው! እጁን አታየውም፤ እጁ ከኋላዋ ነው ያለው። ታሪኩን የምትናገረው ልጅቷ ከሆነች፣ ሥዕሉም እሷ የምታየውን ነው ማሳየት ያለበት። ቁጭ ብሎ ሣለ። የእናትየውን ሁለት ጉልበት በግራና በቀኝ፣ መሬት ላይ የወደቀ ማበጠሪያ፣ የዳቦ ፍርፋሪ የሚጎትት ጉንዳን፣ የበር ሥር ብርሃን፣ አጥር ላይ የተቀመጠች ወፍ፣ ራስ ሲዘነብል አብሮ የሚዘነብል ግቢ። በሕይወቱ እንደዚህ ሥሎ አያውቅም። አሳታሚው ሲያየው ቆሞ ተቀመጠ፣ ተቀምጦ ተነሣ። "ይሄማ ሽልማት ነው" አለ። የቱ ሽልማት እንደሆነ አልተናገረም።

አማቲቱ ተጠርተው መጡ። እያንዳንዱን ገጽ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረው፣ ከአፍንጫቸው ሥር አድርገው አዩ። ጉንዳኑ ላይ ሲደርሱ ጣታቸውን አሳረፉበት። የዘነበለው ግቢ ላይ ሲደርሱ የራሳቸው ራስም ትንሽ ዘንበል አለ።

"ልክ እንዲህ ነበር" አሉ። "ማበጠሪያውም እንዲህ ይወድቅ ነበር። እንዴት አወቅህ?"

"ዝም ብዬ ነው እማማ።"

አሳታሚው እጁን እያፋተገ፣ "እንግዲህ ወደ ማተሚያ ቤት..." ሲል ቀና ብለው አዩት፤ ቃሉን ዋጠው።

ሥዕሎቹን አስተካክለው ደረደሩና ለአማቻቸው መለሱለት። ቆጣ አላሉም፤ ቢቆጡ ይሻለው ነበር።

"አየህ ልጄ፣ ይሄንን እኔ አይቼዋለሁ። እናቴ እስክትሞት ድረስ፣ ጠዋት ጠዋት፣ ይሄንኑ መሬትና ይሄንኑ ጉንዳን ነው ሳይ የኖርኩት። እጇን ነው ያላየሁት። ሥራ የማይፈታ እጅ ነበራት፤ ፊት ለፊት ቁጭ ብዬ ያየሁበት ቀን የለም። ከኋላዬ ነበረች። እኔ የጻፍኩት ያላየሁትን ለማየት ነው።"

ቦርሳቸውን አንሥተው ወጡ። ደረጃው ላይ ሲወርዱ ግድግዳውን በመዳፋቸው እየዳሰሱ መሆኑን ሠዓሊው ያን ቀን ነው ያስተዋለው።

ቤቱ ሲገባ ሚስቱን "ነይ፣ ልጅቷን ጎንጉኚልኝ፤ እጅሽን ልሣል" አላት። ልጃቸውን ሚጣ ነው የሚሏት፤ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ፀጉሯ ብዙ፣ ትዕግሥቷ ትንሽ ነው። ሚስትየው ጀመረች። ችግሩ ፈጣን ናት፤ እርሳሱን ሳይቀርጽ ጨርሳ ላስቲክ አሰረች።

"ቀስ ብለሽ እስቲ!"

"ቀስ ብዬማ አላውቅበትም። ቀስ ስል ጣቴ ይረሳዋል።"

ፎቶ ለማንሣት ስልክ አቆሙ፤ ፎቶው ላይ እጁ ጭጋግ ሆኖ ወጣ። እጇን ሳታንቀሳቅስ ስትይዝለት ደግሞ ሠዓሊው ያንኑ ሙዙን ሣለ። በመጨረሻ ሚስትየው ማበጠሪያውን እጁ ላይ አኖረችና፣ "ራስህ ጎንጉናት። ያልሠራህበትን ነገር ከየት አምጥተህ ትሥለዋለህ?" ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች።

እንግዲህ አባትና ልጅ ቀሩ። እሱ ወንበር ላይ፣ እሷ መሬት ላይ፣ ጉልበቶቹ መካከል።

"አባዬ፣ ታውቅበታለህ?"

"አውቃለሁ።"

"ማን አስተማረህ?"

"ቀጥ በይ።"

ፀጉሩን ሦስት ቦታ ከፈለ። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ የመጀመሪያው አመለጠው። የመጀመሪያውን ሲይዝ ሁለተኛው የት እንደገባ አይታወቅም። "አውውው! አባዬ ጆሮዬን ነው የጎነጎንከው!" ትላለች ሚጣ። እንደገና ይጀምራል። አንድ ጊዜ ተሻግሮ፣ አንድ ጊዜ ተመልሶ፣ አንድ ነገር ጣቱ ላይ ገባው፤ ትንሿ ጣት ተራዋን የምትጠብቀውን ዘለላ ለብቻዋ ይዛ ገለል ትላለች፣ አውራ ጣት ከላይ ይጫናል፣ ሌሎቹ ያቀብላሉ። ይሄ ሳይጠፋ ልሣለው ብሎ ፀጉሩን ለቆ ወደ ጠረጴዛው ሮጠ።

"አባ! ተፈታ እኮ!"

"መጣሁ!"

ሣለ፣ ተመለሰ፣ ጎነጎነ፣ ጣቱ ላይ ያለውን ይዞ ሮጠ፣ ሣለ፣ ተመለሰ። ወለሉ ላይ ከወንበሩ እስከ ጠረጴዛው መንገድ ወጣ። ሚጣ መጀመሪያ አለቀሰች፣ ቀጥሎ ሳቀች፣ ከዚያ ራበኝ አለች፤ ዳቦ ሰጣት። ትምህርት ቤት የክረምት ትምህርት ነበራት፤ በማግሥቱ ሄደች። መርከብ የሚታሰርበት የሚመስል ጉንጉን ነበር ጭንቅላቷ ላይ። አስተማሪዋ "ማነው የሠራሽ?" ስትላት፣ "አባዬ ነው፤ እየተለማመደብኝ ነው" አለች። አስተማሪዋም ከዚያ በኋላ ሠዓሊውን ስታገኘው ሰላምታዋ ቀዝቀዝ ያለ ነው።

እንዲህ እንዲህ እያለ ገጹ ሁሉ አለቀ። እጆቹ ሙዝ አይደሉም። ሹካም አይደሉም። እንከን አላቸው፤ አንዱ ገጽ ላይ አንጓው ድንጋይ የበዛበት መንገድ ይመስላል። ግን ይሠራሉ። ስታያቸው ዘለላው የቱ ጋ እንደሚሄድ ታውቃለህ።

የተቀጠረችው ቀን ደረሰች። ማተሚያ ቤቱ ቀድሞ ደውሎ፣ ዛሬ ከሰዓት ካልመጣ ተራችሁ አልፏል ብሏል። አሳታሚው ቢሮ ውስጥ አማቲቱ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጡ። ሠዓሊው ሥዕሎቹን አቀበለና የሚያደርገው ጠፍቶበት ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ቀን መቁጠሪያ ዞረ።

መጀመሪያውን ገጽ አዩ። ሁለተኛውን አዩ። ሦስተኛው ላይ ቆሙ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ።

"ይሄ የማን አውራ ጣት ነው?"

ሁሉም ሰው የሠዓሊውን ግራ አውራ ጣት አየ። ጥፍሩ ድሮ በመዶሻ የተመታ ነው፤ መሃሉ የተሰነጠቀ፣ ወደ ጎን የሸሸ። ሥዕሉ ላይ ያለው የእናትየው ግራ አውራ ጣትም፣ ገጽ በገጽ፣ እንዲሁ የተሰነጠቀና ወደ ጎን የሸሸ ነው። ከእጅ አንጓዋ በላይ ደግሞ ጥሩ ጥቁር ፀጉር አላት።

"እናቴ ጢም ያለው ክንድ አልነበራትም" አሉ አማቲቱ።

"አውቃለሁ እማማ።"

"ጥፍሯም እንዲህ አልነበረም።"

"ሌላ እጅ አላገኘሁም እማማ። ውስጡ ሆኜ ካልሆነ አይገባኝም። የእኔን ነው የሣልኩት።"

አሳታሚው ወንበሩ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ሰዓቱን አላየም፤ ግን ሰዓቱ እንዳለ ሁሉም ያውቃል።

አማቲቱ ገጹን አራቁት፣ አቀረቡት። "ልክ ነው አይደለም ብዬ እንዳልፈርድ፣ ያላየሁትን በምን አውቀዋለሁ?" አሉ ለራሳቸው። ከዚያ ሥዕሉን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት፣ ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩት፣ ጀርባቸውን ለሰዉ ሰጡና ሻሻቸውን ፈቱ። ነጭ ፀጉር ነው፣ ብዙ፣ በአራት የፀጉር ሹካ የተያዘ። ሹካዎቹን ነቅለው ወደ ጎን ዘረጉ፤ የሚቀበል ሲጠፋ አሳታሚው ተነሥቶ ተቀበላቸው።

"ና ጎንጉነኝ።"

"እኔ? እማማ... እዚህ?"

"የት ሊሆን ነው? አንተ ነህ እጅህን እናቴ ላይ የተከልከው። ና እንጂ!"

አንድ አማች አማቱን ቢሮ ውስጥ ሲጎነጉን ምን እንደሚመስል ልነግራችሁ አልችልም፤ እኔም አይቼ አላውቅም፣ አሳታሚውም ኋላ ሲያወራ እዚህ ላይ ሲደርስ ጉሮሮውን ነው የሚጠርገው። ሠዓሊው ከኋላቸው ቆመ። ፀጉሩን ሦስት ቦታ ከፈለ። ታች ጎማ መንፊያው ተነሣ፣ ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ፣ ሥዕሎቹም ተንቀጠቀጡ። እሱ ጣቶቹን ብቻ እያየ አሻገረ፣ መለሰ፣ አሻገረ።

አማቲቱ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ጭንቅላታቸው በየመጎተቱ ትንሽ ትንሽ ወደ ኋላ ይሄዳል።

"ያማል እንዴ እማማ?"

"ዝም በል፤ እየሰማሁ ነው።"

ጆሯቸው አጠገብ ሲደርስ ዘለላ አመለጠውና መልሶ ለመያዝ ጠበቅ አድርጎ ሳበው። እዚህ ላይ አሳታሚው እሳቸው የሚጮሁ መስሎት ትከሻውን ሰብስቦ ነበር።

"እዚህ ጋ እሷም ትጎትት ነበር" አሉ። ድምፃቸው የአስተማሪ ድምፅ አልነበረም። "እዚሁ ጋ። ከጆሮዬ በላይ። 'አይዞሽ አለቀ' ትለኝ ነበር፤ አላለቀም።" እጃቸውን ወደ ኋላ ሰድደው የአማቻቸውን እጅ ከፀጉራቸው ላይ ሳያነሡ ዳሰሱት። አውራ ጣቱን አገኙት፣ ጥፍሩን አገኙት፣ ስንጥቁን በጣታቸው ሄዱበት፣ ከዚያ አንጓው ላይ ወዳለው ፀጉር አለፉ።

"ይሄን ፀጉር ከክንዷ ላይ አጥፋው" አሉ። "ሌላው ይታተም።"

አሳታሚው ሥዕሎቹን አፋፍሶ ወደ በሩ ሮጠ።

"ወዴት ነው?" አሉ ሳይዞሩ። "ሹካዎቼን ይዘህ? ገና አንዱ ወገን አላለቀም፤ ቁም እዚያ።"

ቆመ።